ሴት መልእክተኛ
ከወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የአገልግሎት ሕይወት የምንማረው



ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣንበትን ምክንያት አስቀድመን ልንነግራችሁ ይገባናል፤ ምክንያቱ የራሳችን ጥፋት ስለሆነ ነው። ባለፈው ወር በሰንበት ትምህርት ቤታችን፣ የወጣቶች ክፍል ከአጎራባች አጥቢያዎች ጋር በሚያደርገው የጋራ ስብሰባ ላይ የሚገኙ ሦስት ተወካዮችን ለመምረጥ ተሰብስበን ነበር። ስምንት ስም ተጠቆመ፤ ስምንቱም የወንዶች ነበሩ። በዚህ ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት እኅታችን እጇን አውጥታ፣ «እኛ ሴቶቹ ለመስተንግዶ እንጂ ለመልእክት አንሆንም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ከመካከላችን አንዱ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ በተረት መለሰላት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እርሷም ዝም ብላ ተቀመጠች፤ በተከታዩ እሑድ ግን አልመጣችም።

ተረቱን የተናገረው አንድ ሰው ቢሆንም ሳቁ የሁላችን ነበረ። ስለዚህ የትምህርት ክፍሉ አባላት የሆንን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ልጅቱ ላቀረበችው ጥያቄ በሳቅ ሳይሆን በጥናት መልስ ለመስጠት ተስማማን። ሴት መልእክተኛ ትሆናለች ወይ? ሆና ታውቃለች ወይ? ሆና ከተገኘችስ እንደምን ሆነች? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

1. መልእክተኛ ማለት ምን ማለት ነው?

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ስሙ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ከጀሞም፣ ከመካኒሳም፣ ከጎፋም ሆነ ከለቡ የምንመጣ ሁላችን ይህን ስም በየቀኑ እንጠራዋለን፤ ትርጉሙን ግን እምብዛም አናስበውም። ንፋስ ስልክ ማለት ያለ ሽቦ፣ በነፋስ ላይ የሚሄድ መልእክት ማለት ነው። ስለ መልእክትና ስለ መልእክተኛ ለመማር እንግዲህ ከሰፈራችን ስም የተሻለ መነሻ አናገኝም።

በአንድ አገርና በሌላው አገር መካከል የሚደረገው የመልእክት ሥራ ዲፕሎማሲ ይባላል። ይህ ሥራ የሚመራበት ዓለም አቀፍ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1961 በቪየና ከተማ የተፈረመው የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት ሲሆን 53 አንቀጾች አሉት። በዚህ ስምምነት 3ኛ አንቀጽ የአንድ ኤምባሲ ዋና ዋና ተግባራት አምስት ሆነው ተዘርዝረዋል። እነርሱም የላከውን አገር መወከል፣ የላከውን አገርና የዜጎቹን ጥቅም መጠበቅ፣ ከተቀባዩ አገር መንግሥት ጋር መደራደር፣ በዚያ አገር ያለውን ሁኔታ ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ተከታትሎ ለአገር ማስታወቅ፣ እንዲሁም በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ወዳጅነት ማጠንከር ናቸው።

አምባሳደር ከመሾሙ በፊት የሚቀበለው አገር ይሁንታ ይጠየቃል። ይህም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በባህላችን ሽማግሌ ለጋብቻ ከመላኩ በፊት «ቢመጡ ትቀበሏቸዋላችሁ ወይ?» ተብሎ በዘመድ በኩል በለሆሳስ ይጠየቃል። ቤተሰቡ ፈቃደኛ ካልሆነ ሽማግሌው ሳያፍር፣ ቤተሰቡም ሳይቀየም ነገሩ በዚያው ይቀራል። በመንግሥታትም ዘንድ እንዲሁ ነው። ተቀባዩ አገር እሺ ካለ በኋላ አምባሳደሩ ከአገሩ ርእሰ ብሔር የተጻፈለትን የሹመት ደብዳቤ ይዞ ይሄድና ለተቀባዩ አገር ርእሰ ብሔር ያቀርባል።

ልብ በሉ፤ ከእነዚህ አምስት ተግባራት ውስጥ የክንድ ጉልበት የሚጠይቅ አንድም የለም። የሚፈለገው ማዳመጥ፣ ቃልን መመጠን፣ ምሥጢር መጠበቅ፣ መታገሥና ማስታወስ ነው። እነዚህ ደግሞ በየቤታችን ከእናቶቻችን ስንማራቸው ያደግን ነገሮች ናቸው። ታዲያ ሥራው የወንድ ብቻ ነው ያሰኘን ምንድን ነው?

2. ከእርሳቸው በፊት የነበሩት

ወደ ዋናው ታሪካችን ከመግባታችን በፊት መንገዱን የጠረጉትን ማስታወስ ተገቢ ነው።

የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመ ጊዜ የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛውና የጣልያንኛው ቃል የተለያየ ነበር። የአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላለው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይችላል ሲል፣ የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በዚህ ጉዳይ ላይ በተደረገው ክርክር እቴጌ ጣይቱ ብጡል የአገሪቱ ነፃነት በምንም ዓይነት ቃል እንዳይሸጥ አጥብቀው ከተከራከሩት አንዷ ነበሩ። እቴጌይቱ የአምባሳደር ማዕረግ አልነበራቸውም፤ የሠሩት ሥራ ግን የዲፕሎማሲ ሥራ ነበረ። አንዲት ቃል አገር ልታሳጣ እንደምትችል ያዩ ሴት ነበሩ።

በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በወይዘሮ ዮዲት እምሩም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሴትን በከፍተኛ ማዕረግ ለማየት በቃ። ቀጥሎም አምባሳደር ቆንጂት ሥነ ጊዮርጊስ በወጣትነታቸው ወደዚሁ መሥሪያ ቤት ገብተው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የጀመሩትን አገልግሎት በደርግ ዘመንም በኢሕአዴግ ዘመንም ቀጥለው፣ ከ50 ዓመት በላይ አገራቸውን አገልግለዋል። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ በኢትዮጵያ ረጅም ዘመን ካገለገሉት ዲፕሎማቶች መካከል ስማቸው በግንባር ቀደምነት የሚጠራ ነበር።

በሌላው ዓለምም ቢሆን በሩ የተከፈተው ዘግይቶ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1923 አሌክሳንድራ ኮሎንታይን ወደ ኖርዌይ ስትልክ ዓለም እንደ ጉድ አየው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔም ከተመሠረተ ጀምሮ እስከ 80ኛው መደበኛ ጉባዔ ድረስ በፕሬዚዳንትነት የመሩት ሴቶች አምስት ብቻ ናቸው። ከእነርሱ የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. በ1953 የተመረጡት የሕንዷ ቪጃያ ላክሽሚ ፓንዲት ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመረጡት አፍሪካዊት፣ የላይቤሪያዋ አንጂ ብሩክስ ናቸው። ስለዚህ ከስምንት ጥቆማ ስምንቱን ለወንድ የሰጠን እኛ ብቻ አይደለንም። ይህ ግን ሊያጽናናን አይገባም።

3. ልጅነትና ትምህርት

ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ በ1942 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የጦር መኮንን ነበሩ። በቤቱ ከተወለዱት አራት ሴቶች ልጆች የመጀመሪያዋ እርሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን አራት ሴት ልጅ የወለደ አባት «ወንድ አልሰጠህም» እየተባለ የሚታዘንለት ነበረ። እኚህ አባት ግን ሴት ልጆቻቸውን አስተማሩ። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ላይ ይገኛል፤ አምባሳደር የሚጀመረው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሳይሆን በወላጅ ቤት ነው።

በሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ፈረንሳይ አገር ሄደው በሞንፔሊዬ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ አጠኑ። ብዙዎቻችን ዲፕሎማት የሚሆን ሰው የግድ የፖለቲካ ሳይንስ ወይም ሕግ መማር አለበት ብለን እናስባለን። እርሳቸው ግን የሳይንስ ተማሪ ነበሩ። ከመካከላችን በፈተና ውጤት ምክንያት ያላሰብነው ክፍል የተመደብን ብዙዎች አለን፤ «የእኔ ዕድል እዚህ አከተመ» የምንልም አንጠፋም። ይህ ታሪክ የተመደቡበት ክፍል የሕይወት መጨረሻ አለመሆኑን ያሳየናል። ሳይንስ ማየትን፣ መመዝገብንና ሳያረጋግጡ አለመናገርን ያስተምራል፤ ለመልእክተኛም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። አማርኛ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አጣርቶ መናገርም በኋላ ለሄዱበት መንገድ ሁሉ ስንቅ ሆኗቸዋል።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያ የሠሩት በትምህርት ሚኒስቴር በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ነው። ከዚያም ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወሩ።

4. ዳካር

እ.ኤ.አ. በ1989 በሴኔጋል የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። መቀመጫቸው ዳካር ሲሆን ከሴኔጋል ሌላ ማሊን፣ ኬፕ ቬርዴን፣ ጊኒ ቢሳውን፣ ጋምቢያንና ጊኒን ደርበው ይዘው ነበር። ይኸውም ባንድ ጊዜ በስድስት አገሮች ፊት ኢትዮጵያን መወከል ማለት ነው። እያንዳንዱ አገር የራሱ ርእሰ ብሔር፣ የራሱ ጉዳይና የራሱ ወግ አለው። ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ፖርቱጋልኛ የሥራ ቋንቋ የሆኑባቸው አገሮች ናቸው።

እዚያ ሳሉ አንድ ታላቅ ነገር ደረሰ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንግሥት ተለወጠ። የላከው መንግሥት ሲወድቅ በሩቅ አገር ያለ መልእክተኛ ምን ይሆናል? ይህ ለብዙዎች የጭንቅ ጊዜ ነበር። ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ግን እስከ 1993 እ.ኤ.አ. በዳካር አገልግሎታቸውን ቀጠሉ። ከዚህ የምንረዳው አምባሳደር የመንግሥት ሹም ቢሆንም መልእክቱ የአገር መሆኑን ነው። መንግሥት ይመጣል ይሄዳል፤ ወደብ የሚፈልገው ነጋዴ፣ ፓስፖርት የሚፈልገው ስደተኛ፣ ነፃ ትምህርት የሚጠብቀው ተማሪ ግን ሁልጊዜ አለ።

5. ጅቡቲ

ከሴኔጋል ቀጥሎ ከ1993 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ አምባሳደር ነበሩ። በተጨማሪም ጽሕፈት ቤቱ በጅቡቲ በሚገኘው በምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት ድርጅት፣ በኢጋድ ዘንድ የኢትዮጵያ ቋሚ መልእክተኛ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቦታ መቆየት ለዲፕሎማት ረጅም ጊዜ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ጅቡቲ ለእኛ ሩቅ አይደለችም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመር ከከተማችን የሚነሣው ከዚሁ ከለቡ በኩል ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤት ስንመለስ የምናየው ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ላይ ያበቃል። ዘይቱ፣ ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ መድኃኒቱና ነዳጁ አብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ ነው።

ይህ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ዕቃ በብዛት የሚገባው በአሰብ ወደብ ነበር። በዚያ ወር ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ከመቅጽበት የአንድ ትልቅ አገር ገቢና ወጪ ዕቃ በአንዲት ትንሽ አገር ወደብ ላይ ወደቀ። ዕቃ ሲከማች የመርከቡ ኪራይ በየቀኑ ይቆጠራል፤ መኪናው ሲዘገይ ገበያው ይወደዳል፤ ሾፌሩ ድንበር ላይ ሲቆም የሚያናግርለት ሰው ይፈልጋል። የጉምሩኩ፣ የወደቡ፣ የመንገዱና የባቡሩ ጉዳይ ሁሉ በሁለቱ መንግሥታት መካከል በንግግር መፈታት ነበረበት። በዚያ የፈተና ዘመን ኢትዮጵያን ወክላ በጅቡቲ የተቀመጠችው አምባሳደር ሴት ነበረች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ይህ ታሪክ ይፈርድበታል።

በዚያው በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2000 የሶማሊያን ወገኖች ለማስታረቅ በአርታ ከተማ ታላቅ ጉባዔ ተደርጓል። የኢጋድ አገሮች ሁሉ ዓይናቸው በዚያ ላይ ነበረ። የጎረቤት ሰላም ማለት የራስ ቤት ሰላም መሆኑን በቅርብ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

6. ከፓሪስ እስከ ናይሮቢ

ከ2002 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አምባሳደር ሲሆኑ በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዩኔስኮም ቋሚ መልእክተኛ ነበሩ፤ ቱኒዚያንና ሞሮኮንም ደርበው ይዘዋል። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ድርጅት ይኸው ዩኔስኮ ነው። በወጣትነታቸው ተማሪ ሆነው በሄዱበት አገር አሁን የአገራቸው አምባሳደር ሆነው መመለሳቸውን ልብ ይሏል።

ከ2006 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በአፍሪካ ኅብረትና በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የኢትዮጵያ ቋሚ መልእክተኛ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም የአፍሪካ ጉዳዮች ዋና ዳይሬክተር ሆነው ሠሩ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በከተማችን በተመሠረተ ጊዜ ቻርተሩን የፈረሙት መሪዎች ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በዚያ ዘመን የ13 ዓመት ልጅ የነበረች የአዲስ አበባ ልጅ ዓመታት ካለፉ በኋላ በዚሁ ማኅበር ፊት የአገሯ መልእክተኛ ሆነች።

በ2009 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ልዩ መልእክተኛቸውና በዚያ ያለው የሰላም ግንባታ ጽሕፈት ቤት ኀላፊ አድርገው ሾሟቸው። መቀመጫው ባንጊ ነበር። በጦርነት በደከመች አገር የታጠቁትን ትጥቅ ማስፈታትና ምርጫ እንዲደረግ ማገዝ ቀላል ሥራ አልነበረም። አገሪቱ እርሳቸው ከሄዱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ወደ ከፋ ብጥብጥ ገብታለች። ሰላም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ቤት አይደለም፤ በየዓመቱ የሚታደስ ክዳን ነው እንጂ።

በ2011 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። ድርጅቱ በዓለም ላይ አራት ዋና ዋና ጽሕፈት ቤቶች አሉት። ከኒውዮርክ፣ ከጄኔቫና ከቪየና ቀጥሎ አራተኛው፣ በአፍሪካ ምድር ያለውም እርሱ ብቻ የሆነው፣ የናይሮቢው ነው። ከዚያ በፊት ይህ ኀላፊነት ከሌላ መሥሪያ ቤት ኀላፊነት ጋር ተደርቦ ይያዝ ነበር፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሾሙ የመጀመሪያዋ ዋና ዳይሬክተር እርሳቸው ናቸው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ዋና ጸሐፊው አንቶኒዮ ጉተሬሽ በአፍሪካ ኅብረት ልዩ መልእክተኛቸው አደረጓቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አገራቸው ጠራቻቸው።

7. ደብዳቤ አቅራቢዋ ደብዳቤ ተቀባይ ሆኑ

ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴን የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት አድርገው በሙሉ ድምፅ መረጡ። ከንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ምኒልክ ወዲህ በኢትዮጵያ ሴት ርእሰ ብሔር ስትሆን ይህ የመጀመሪያው ነው። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ከነበሩት ርእሳነ ብሔሮች መካከልም ሴት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። በዚያው ወር ከተሾሙት ሚኒስትሮች ግማሾቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በሕገ መንግሥቱ 71ኛ አንቀጽ መሠረት ፕሬዚዳንቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት አምባሳደሮችን ይሾማል፤ የውጭ አገር አምባሳደሮችንም የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል። እነሆ በዳካር፣ በጅቡቲና በፓሪስ ደብዳቤ ይዘው በሰው ቤተ መንግሥት ደጃፍ የቆሙት ሴት፣ አሁን የሌሎችን አገሮች መልእክተኞች ደብዳቤ በአገራቸው ቤተ መንግሥት ተቀበሉ። በስድስት ዓመት አገልግሎታቸው ፍጻሜ፣ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለአቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ አስረከቡ። እርሳቸውም ቢሆኑ የዲፕሎማሲ ሰው ናቸው።

8. ሚዛናዊ ለመሆን

ጥናት ውዳሴ ብቻ ከሆነ ጥናት አይባልም። ጽሑፉን ስናዘጋጅ በመካከላችን የነበረውን ክርክር መደበቅ አንፈልግም።

አንደኛው ወገናችን፣ «የፕሬዚዳንትነቱ ሥልጣን የክብር እንጂ የውሳኔ አይደለም። ሴት ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠች ማለት የሴቶች ኑሮ ተሻሻለ ማለት አይደለም» አለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል የተነሣው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪደረግ ድረስ ብዙ ሕይወት ቀጥፏል፤ ሴቶችና ሕፃናት ብዙ መከራ አይተዋል። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ከቤተ መንግሥቱ ጠንካራ የእናት ድምፅ ይጠብቅ ነበር። የዚህ ወገን ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «የጦርነት ሥልጣን ያልተሰጠውን ሰው በጦርነት መጠየቅ ይከብዳል። ደግሞስ ወንድ ፕሬዚዳንት በነበረ ጊዜ ይህን ያህል ጠይቀን እናውቃለን?» አለ። ይህም የሚያሳስብ ቃል ነው። ሴት ስትሾም ሥልጣኑ ያው ሆኖ ሳለ የሚጠበቅባት እጥፍ ይሆናል። ብትናገር «ደፈረች»፣ ዝም ብትል «ፈራች» ትባላለች።

እኛ የተስማማንበት ነጥብ ይህ ነው። የወይዘሮ ሣህለ ወርቅን ሕይወት በመጨረሻው ወንበር ብቻ ብንመዝነው አብዛኛውን ክፍል እናጣዋለን። ወደ ቤተ መንግሥት ከመግባታቸው በፊት ወደ ሠላሳ ዓመት የሚሆን የአምባሳደርነትና የዓለም አቀፍ አገልግሎት ነበራቸው። ለወጣት የሚጠቅመው ትምህርት ያለው ፎቶግራፍ በበዛበት ቀን ሳይሆን ማንም ባላየው የዕለት ሥራ ውስጥ ነው። በጅቡቲ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠ ሰው ጋዜጣ ላይ የወጣው ስንት ቀን ይሆን?

9. ምን እንማራለን?

አንደኛ፤ ዝግጅት ከጥሪ ይቀድማል። ቋንቋ የሚጠናው አምባሳደር ከሆኑ በኋላ አይደለም። ከእኛ ውስጥ እንግሊዝኛ መናገር የሚያፍር፣ የአማርኛ ጽሑፉም ያልጠራ ብዙ ነው። ዛሬ በክፍላችን ቃለ ጉባዔ አጣርቶ መጻፍ የማይችል ነገ የአገር መልእክት አይጽፍም።

ሁለተኛ፤ በር የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። እቴጌ ጣይቱ፣ ወይዘሮ ስንዱ፣ ወይዘሮ ዮዲትና አምባሳደር ቆንጂት ባይቀድሙ የኋለኞቹ መንገድ በረዘመ ነበር። በአጥቢያችን ለሚመጡት ታናናሽ እኅቶች በር የሚከፍተው ማን ነው?

ሦስተኛ፤ መልእክተኛ የሚመዘነው በታማኝነቱ ነው። «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» የሚል ተረት አለን። አባቶቻችን የሴት ላኪነትን ኀይል እንዲህ ካወቁ፣ እኛ የሴትን ተላኪነት ለምን እንጠራጠራለን?

አራተኛ፤ ሳቅ ፍርድ ሊሆን ይችላል። በዚያ ስብሰባ ላይ የእኅታችንን ጥያቄ በክርክር የረታው አልነበረም፤ ሳቅ ግን ዝም አሰኛት። ስንት አምባሳደር በእንዲህ ያለ ሳቅ ምክንያት ሳይሾም ቀረ?

ማጠቃለያ

ይህን ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት ይዘን ወደ ልጅቱ ቤት ሄድን። እናቷ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ይቅርታ ጠየቅናት። እርሷም ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችና፣ «ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ስለ እኔ የሚጻፈውን ጽሑፍ ያዘጋጁትም ወንዶች ብቻ ናቸው እንዴ?» አለችን። እርስ በርሳችን ተያየን። እውነቷን ነበረ፤ ከአዘጋጆቹ መካከል አንዲትም ሴት አልነበረችም። ምን ብለን እንደምንመልስላት አላወቅንም።

ስለዚህ የሚቀጥለውን እትም የጥናት ጽሑፍ እርሷና ሁለት ጓደኞቿ እንዲያዘጋጁት ተስማምተናል፤ ርእሱንም የሚመርጡት እነርሱ ናቸው። ለጋራው ስብሰባ የሚላኩት ተወካዮችም በመጪው እሑድ እንደገና ይመረጣሉ። እኛ ማን ይመረጥ አንልም፤ ድምፁ የሁላችሁ ነውና። ነገር ግን ስም ስትጠቁሙ አስቀድማችሁ፣ «መልእክቱን አጣርቶ የሚያደርስልን ማን ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣላችሁን ስም፣ የወንድም ይሁን የሴት፣ ሳታፍሩ ጥቀሱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የኤምባሲ አምስት ተግባራት የትኞቹ ናቸው? ከእነርሱ መካከል በክፍላችን የዕለት ሥራ ውስጥ የሚገኙት የትኞቹ ናቸው?

2. አሰብ በተዘጋ ጊዜ የጅቡቲ ወደብ ለኢትዮጵያ ምን ጥቅም ሰጠ? በየቤታችሁ ካለው ዕቃ በዚያ በኩል የመጣውን ዘርዝሩ።

3. የክብር ወንበርና የውሳኔ ሥልጣን ልዩነታቸው ምንድን ነው? በእኛ ክፍል ሴቶች የያዙት የትኛውን ነው?

4. ሰውን ዝም የሚያሰኙ ተረቶችን አስታውሱ። ከእነርሱ ልንተዋቸው የሚገቡን የትኞቹ ናቸው?

የትምህርት ክፍል አዘጋጆች